አባቴ ከድሬዳዋ ይመጣል፤ አትላንታን ከየት ጀምሬ ላሳየው?

የድሬ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አባቴ ኤፕሪል ላይ ይመጣል፤ ሦስት ወር ይቆያል። ድሬዳዋ ላይ ሠላሳ ምናምን ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ፈተና ሲደርስ እሱ በረንዳ ላይ ነው የሚያጠናው። ቪዛው እንደተመታለት ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰላችሁ? «ከተማዋን ማን ቆረቆራት? መቼ?» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬባታለሁ፣ አላውቅም። ኔትወርክ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት።

አጎቴ የመጣ ጊዜ አክዋሪየም ወሰድኩት፣ ኮካ ኮላ ሙዚየም ወሰድኩት፣ ሞል ወሰድኩት። በአራተኛው ቀን «ልጄ አትድከም» ብሎ ሶፋው ላይ ዩቲዩብ ከፍቶ ተቀመጠ። አባቴ ላይ ይህ እንዲደገም አልፈልግም። የከተማዋን የራሷን ታሪክ፣ የሰፈር በዓላትን፣ ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ የምታውቁ ንገሩኝ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ጻፉልኝ፣ እሱ ራሱ ወደ እኛ ይመልሰዋል።

ሹፌሩ_ከዲኬተር

ወንድሜ፣ ማን ቆረቆራት ካለህ ባቡር ነው በለው።

በ1837 የዌስተርን ኤንድ አትላንቲክ ባቡር መሐንዲሶች መስመሩ የሚያልቅበትን ቦታ ጫካ ውስጥ ችካል መቱበት። ስሙም ተርሚነስ ተባለ፤ መጨረሻ እንደማለት ነው። በ1843 በቀድሞው አገረ ገዢ በዊልሰን ላምፕኪን ልጅ ስም ማርታስቪል አሏት። በ1845 የጆርጂያ ባቡር ዋና መሐንዲስ የነበረው ኤድጋር ቶምሰን አትላንታ የሚለውን አመጣ። በ1847 ከተማ ሆና ተመዘገበች። ትልቅ ወንዝ አይቶ፣ ወደብ አይቶ የሰፈረባት የለም። ሐዲድ ከሐዲድ ስለተገናኘ ብቻ ነው ሰው የተሰበሰበው።

እንግዲህ አባትህ የድሬ ሰው ከሆኑ ይህ ለእርሳቸው ማስረዳት አያስፈልገውም። ባቡሩ በ1902 ደርሶ ነው ድሬን ድሬ ያደረጋት። ሜካኒክስቪል የምንለው፣ ከስታዲየሙ ወዲያ ያለው ሰፈር፣ ስሙን ያገኘው እዚያ ከሚኖሩት የባቡር መካኒኮች ነው። የድሬውን የባቡር ሠፈር ከዚራን በለው፣ ይገባቸዋል፤ ጥላው ዛፍ ብቻ ነው የሚቀረው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ። «ለገሃሩን አሳየኝ» ካሉህ ችግር ነው። ትልቁ ተርሚናል ስቴሽን በ1905 የተከፈተ ሁለት ማማ ያለው ውብ ሕንፃ ነበር፤ በ1972 አፈረሱት። አሁን ለመንገደኛ የቀረው ፒችትሪ ላይ ያለችው ትንሿ የአምትራክ ጣቢያ ናት። ሰው አትላንታ የድሮ ሕንፃ የሌላት በእርስ በርስ ጦርነቱ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን በ1864 ስላቃጠላት ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ቀሪውን ያፈረሰው ዶዘር ነው።

ጨው_በዛበት

ወገን፣ ሽማግሌ አባት ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣው ልጁንና የልጅ ልጁን ሊያይ ነው። አየር መንገዳችን ከ2023 ጀምሮ አትላንታ ድረስ ይበራል፤ ያመጣቸዋል፣ ያሳርፋቸዋል። ክትፎ አብላቸው፣ ለምርመራ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው፣ አለቀ። በሰው አገር ችካል ምን ይሠራሉ?

ሹፌሩ_ከዲኬተር

ጨው፣ አንተ የቤትህ አድራሻ ራሱ ታሪክ መሆኑን አታውቅም። ልንገርህ።

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ፣ መጀመሪያ ታክሲ፣ ኋላ ኡበር። ታሪኩን የተማርኩት በመሳሳት ነው። ስጀምር ጂፒኤስ የለም። አንድ ሌሊት አንድ ሰካራም «ፒችትሪ» አለኝ፣ ወሰድኩት። ዌስት ፒችትሪ ኖሯል የፈለገው። በማግስቱ ሌላ ሰው ፒችትሪ ሰርክል አለኝ። በዚህች ከተማ ፒችትሪ የሚል ቃል ያለበት መንገድ ከ70 በላይ ነው፤ ስሙ የመጣው ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ቻታሁቺ ወንዝ ዳር ከነበረው የክሪክ ሕዝቦች መንደር ነው። ይሁን፣ ይህን ለመድኩት።

ያልገባኝ ሌላው ነበር። ሞንሮ ድራይቭ ላይ ወደ ደቡብ እየነዳህ ፖንስ ዴ ሊዮንን ስትሻገር መንገዱ ሳይታጠፍ ቡልቫርድ ይሆናል። ብራየርክሊፍ እዚያው ፖንስ ላይ ሲደርስ ሞርላንድ ይባላል። አስፋልቱ አንድ፣ መስመሩ አንድ፣ ስሙ ሁለት! የመንገድ ሥራ ቢሮው ሰክሮ ነው የምል ነበር። ኋላ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ከኋላ ተቀምጠው እየሳቁ አስረዱኝ። ከፖንስ ወደ ሰሜን ነጮች፣ ወደ ደቡብ ጥቁሮች ይኖሩ ነበር፤ ነጮቹ ከጥቁር ጋር አንድ የመንገድ ስም ያለበት አድራሻ አንፈልግም ብለው ነው የተለያየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን መብራት ባለፍኩ ቁጥር ሰውየው ትዝ ይሉኛል።

ይህ አልበቃ ብሎ በ1962 ዲሴምበር ላይ ከንቲባው አይቫን አለን ፔይተን ሮድ ላይ አጥር አስቆመ። ጥቁሮች ወደ ነጮቹ ሰፈር ቤት እየገዙ እንዳይገቡ ነው። ማርች 1963 ላይ ፍርድ ቤት አስነሳው። የሚገርመው ያው ከንቲባ በዚያው ዓመት ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ለሲቪል መብት ሕጉ ድጋፍ ሰጠ፤ ከደቡብ ከንቲባዎች እንዲህ የደፈረ ብዙ አልነበረም። አባትህ ይህን ሰውዬ ለመፍረድ አንድ ከሰዓት ይበቃቸዋል።

አራተኛ_ዓመት

ኦበርን አቬኑን ሳይጠቅስ ማንም እንዳይሄድ። ዳውንታውን ነው የምማረው፣ ከክፍል እስከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምሳ ብቻ ነበር የማልፍበት።

ማርቲን ሉተር ኪንግ ጃንዋሪ 15 ቀን 1929 የተወለደበት ቤት ቁጥር 501 ነው። ቤቱ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለጥገና ተዘግቶ ስለነበር ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። መቃብሩ ግን ክፍት ነው፣ ከኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ውኃ መሀል። መጀመሪያ የተቀበረው እዚያ አይደለም። ጥቁሮች በ1886 የራሳቸውን ሙታን በክብር ለመቅበር ባቋቋሙት በሳውዝ ቪው ነበር፣ ኋላ ነው ያዛወሩት። ኤፕሪል 9 ቀን 1968 አስከሬኑን በበቅሎ ጋሪ አድርገው ከኤቤኔዘር እስከ ሞርሃውስ ኮሌጅ በእግር ሸኙት። በቅሎ የድሃ ገበሬ እንስሳ ስለሆነች ነው የተመረጠችው። አገር ቤት በቅሎ የባላባት ናት፣ አባትህ ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ይሉ ይሆናል።

እኔ ግን የምወደው ሌላ ቤት ነው። የፕሪንስ ሆል ሜሶኖች ሕንፃ። የኪንግ ድርጅት ቢሮ ነበረበት፤ ደብልዩ ኢ አር ዲ የሚባለው ሬዲዮም እዚያው ነበር። በ1949 ጄሲ ብሌይተን ሲገዛው በአሜሪካ የመጀመሪያው በጥቁር ባለቤትነት የተያዘ ሬዲዮ ጣቢያ ሆነ። ኪንግ አየር ላይ መናገር ሲፈልግ በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ይመታ ነበር ይባላል፤ ከላይ ማይኩን በመስኮት ያወርዱለታል። የቀጥታ ስርጭት ማለት ይሄ ነው።

መንገዱን ለሁለት የሰነጠቀውን ሃይዌይም አሳያቸው። ጆን ዌስሊ ዶብስ «ስዊት ኦበርን» ያለው፣ የጥቁር ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ጋዜጣ የሞላበት መንገድ ነበር። ዳውንታውን ኮኔክተር የምንለውን፣ ጠዋት ጠዋት የምንራገምበትን 75/85፣ በመሀሉ አሳለፉበት። ከድልድዩ ሥር ቁሙና ወዲህና ወዲያ እዩ፣ በቂ ነው። የዶብስ የልጅ ልጅ ሜይናርድ ጃክሰን በ1973 የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ አባትህ የሚያርፉበት ኤርፖርት ግማሽ ስሙ የእሱ ነው።

ሌሊት_ሺፍት

ወንዶቹ ስለ ወንድ ብቻ አወራችሁ። ይህቺን ጨምሩልኝ።

አትላንታ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ሆቴል ላውንድሪ ነበር። አንሶላ ከማድረቂያው እንደወጣ ትኩሱን ታጥፋለህ፣ የጣቶችህ ጫፍ ይሰነጠቃል፣ ማታ በርበሬ መንካት አትችልም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ የዚሁ አገር ጥቁር፣ ሱፐርቫይዘሩ ሲጮህ «1881 ይሻለን ነበር» ትል ነበር። ምንድነው ስላት ነገረችኝ።

በ1881 ጁላይ፣ ባርነት ካበቃ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ሃያ የሚሆኑ ልብስ አጣቢ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ለ12 ፓውንድ ልብስ 1 ዶላር ካልተከፈለን አናጥብም አሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ቀሰቀሱ፣ በሦስት ሳምንት ሦስት ሺህ ሆኑ። ፖሊስ አሰረ፣ ቀጣ። የከተማው ምክር ቤት ለእያንዳንዷ አጣቢ 25 ዶላር የፈቃድ ክፍያ ልጣልባችሁ ሲል ሴቶቹ ለከንቲባው ጻፉለት፤ እንከፍላለን፣ ግን ሥራውም ዋጋውም በእጃችን ይሁን አሉ። ኦክቶበር ላይ ትልቁ የጥጥ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው፣ እንግዳ ሊጎርፍ ነው፣ ከተማው ንጹሕ ሸሚዝ ያጣል! ያንን ጊዜ መምረጣቸው ነው የገረመኝ። ወፍጮ ቤት የምታኮርፍ ሴት በዓል ሲቀርብ ነው የምታኮርፈው።

ከርብ ማርኬትንም እንዳትረሱ፣ ኤጅውድ ላይ ያለውን። ሕንፃው በ1924 ነው የተሠራው። ነጮቹ ከውስጥ፣ ጥቁር ገበሬዎች ከውጭ ጠርዙ ላይ ቆመው እንዲሸጡ ነበር የተፈቀደው፤ «ከርብ» የሚለው ስም ከዚያ ነው የቀረው። አሁን ውስጡ ገብተህ የአሳማውንም የበጉንም ምላስ ታያለህ፣ ዓርብ ካልሆነ።

እትዬ_ክላርክስተን

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ስልኩ ላይ ፊደል መልቀም ስለሚያደክመኝ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ የ1996 ነገር ሲቀር ግን አላስችል አለኝ።

እኔ ከሱዳን ካምፕ በ1991 ነው ክላርክስተን የገባሁት። ያኔ አፓርትመንቶቹ ግማሽ ባዶ ነበሩ፤ ነዋሪው ወደ ሩቅ ሰፈር እየሸሸ፣ ስደተኛ የሚያሰፍሩት ድርጅቶች ደግሞ እኛን እያመጡ። መጀመሪያ ቬትናሞች፣ ከዚያ እኛ፣ ሶማሌው፣ ቦስኒያው፣ ኋላ ቡታኑ፣ ኮንጎው። እንጀራ በስንዴ ዱቄት ነበር የምንጋግረው፤ ጤፍ አይታሰብም። ዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት ገብቼ መጀመሪያ በርበሬ ያየሁ ቀን አለቀስኩ። ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚናገሩት ቋንቋ የተጻፈበት ባጅ ያደርጋሉ፤ «አማርኛ» የሚል አንዱ ላይ አይቼ ልጁን አቅፌ አልለቅ አልኩት፣ ሥራ አስፈታሁት።

ኦሎምፒኩ መጣ። ጁላይ 27 ቀን ለሊት መናፈሻው ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፣ ሰው ሞተ፣ ከመቶ በላይ ቆሰለ። በማግስቱ እሑድ የሴቶች ማራቶን ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «ዛሬ የምትወጪው የት ነው?» ብሎ በር ላይ ቆመ። ወጣሁ! አራት ሆነን ባንዲራ በኮታችን ውስጥ ደብቀን፣ ፖሊሱ እንዳይጠረጥረን ነው፣ ማልደን መንገድ ዳር ቆምን። ሙቀቱ ገና አልወጣም፣ አየሩ ግን እንደ ወጥ ቤት ያልብ ነበር።

ፋጡማ ሮባ ብቻዋን መጣች። ብቻዋን! ከኋላዋ ሰው የለም። ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ውኃ ልትቀዳ የምትሄድ ነው የምትመስለው። እልል ስንል ቀና ብላ አየችን መሰለኝ፤ ጓደኛዬ ግን አላየችንም ትላለች፣ እስከዛሬ እንጨቃጨቃለን። 2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፤ ሁለተኛዋ ከድፍን ሁለት ደቂቃ በኋላ ነው የገባችው። በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የበቆጂዋ ልጅ ናት፣ ያሸነፈችውም እዚሁ እኛ ከተማ። በማግስቱ ኃይሌ አሥር ሺውን ደገመ። ትራኩ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ እግሩን ስለላጠው አምስት ሺውን ሳይሮጥ ቀረ።

ችቦው የነደደበት ማማ አሁንም ቆሟል፣ ከስታዲየሙ አጠገብ። ለአባትህ አሳያቸው። ሽማግሌ ሰው ስለሆኑ ጠዋት ይሁን፣ ኮፍያ አድርግላቸው።

የድሬ_ልጅ

እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። ይህን ለእሱ በስልክ አነበብኩለት፣ «ሴትዮዋን ማግኘት አለብኝ» አለኝ።

ስቶን ማውንቴን እንዴት ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻው ሁሉ ለዎክ ይወጣበታል፣ ጉልበቱ ደህና ነው።

አራተኛ_ዓመት

እኔ አልወስድም። ዳገቱ ላይ በ1915 ነው ክላኑ፣ ጥቁሮችን የሚያሸብረው የነጮች ቡድን ኩ ክላክስ ክላን፣ መስቀል አቃጥሎ እንደገና የተመሠረተው። ፊት ለፊቱ ላይ የኮንፌደሬሽኑ፣ ባርነት እንዳይቀር የተዋጋው የደቡብ ወገን፣ ሦስት መሪዎች በፈረስ ተቀርጸዋል፤ ሥራው ያለቀው በ1972 ነው፣ ኪንግ ከሞተ አራት ዓመት በኋላ። ኪንግ ራሱ በ1963 ዋሽንግተን ላይ ነጻነት ከስቶን ማውንቴንም ይደወል ብሎ የጠራው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ ሄዶ ሰልፊ መነሳት አልችልም።

ጨው_በዛበት

ድንጋዩ ምን አደረገ? ድንጋዩ ከክላኑ በፊት ነበረ። እኔ ስኳሬን ያወረድኩት በዚያ ዳገት ነው።

ሹፌሩ_ከዲኬተር

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ለዛሬ ብቻ። የታሪክ መምህር እንዲህ ያለውን ቦታ ካላየ ምን ሊያይ ነው? ግን ከተራራው በፊት ከሥሩ ያለችውን ትንሿን ከተማ አሳያቸው፣ ስሟ ያው ስቶን ማውንቴን ነው። በ1997 ቻክ በሪስ የሚባል ጥቁር ከንቲባ መረጡ። የሚኖርበት ቤት የማን ነበር? የክላኑ አለቃ የጄምስ ቬናብል። ገዝቶት ነው የገባው። እኔ ይህን ስሰማ መኪናዬን ዳር ይዤ ነው የሳቅኩት።

አወያይ

ስለ ተራራው የተነሳውን ክርክር ወደ ሌላ ክር ወስጄዋለሁ፤ አርባ ሁለት መልስ ደርሶ ነበር፣ ግማሹ ስለ ስኳር መድኃኒት ነው። እዚህ ስለ በዓላት ቀጥሉ።

ሌሊት_ሺፍት

በዓል ከሆነ፣ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የኢንማን ፓርክ ፌስቲቫል አለ። ሰልፉን ዓይተህ ነው መፍረድ ያለብህ፤ ጎረምሳው፣ ሽማግሌው፣ ውሻው ሁሉ ቢራቢሮ ለብሶ ይወጣል። ቆንጆ የእንጨት ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ያንን ቆንጆነት ግን በነጻ አላገኙትም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ሌላ ሃይዌይ በመሀላቸው ሊያሳልፉ ነበር፣ ከአምስት መቶ በላይ ቤት ፈርሶ ነበር። ነዋሪው ፍርድ ቤት ሄደ፣ ተሰለፈ፣ አስቆመው። የፈረሰው ቦታ ላይ አሁን የካርተር ማዕከልና መናፈሻ ነው ያለው። ኦበርን ላይ ያለፈውንና ይህን ባንድ ቀን ብታሳያቸው፣ በመሀላቸው ያለው ርቀት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፣ የማንን ጩኸት ማን እንደሰማ ራሳቸው ይናገራሉ።

ኦክላንድ መካነ መቃብርም ከ1850 ጀምሮ ያለ ነው። ኦክቶበር ላይ ማታ በፋኖስ ያስጎበኛሉ፣ ግን አባትህ ያኔ ይሄዳሉ። ቀን ሄዳችሁ የሜይናርድ ጃክሰንን መቃብር እዩ። ጥቁሮቹ የተቀበሩበትን ጎንም ጠይቁ፤ በ1877 የባሪያዎቹን አጽም አንስተው ቦታውን ለነጮች ሸጠውታል።

እትዬ_ክላርክስተን

ፋሲካን እኛ ጋ ነው የሚያደርጉት፣ ሌላ አልሰማም። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው፣ ጠዋት እኔ ቤት ይገደፋል። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ስፖርት ፌዴሬሽኑ ኳሱን የት እንደሚያደርግ እዩ፤ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ ነው፣ እዚህም ከአንዴ በላይ መጥቶልናል። ኳሱን ማን ያያል፣ የጠፋ ዘመድ ለመፈለግ ነው የሚኬደው።

ሹፌሩ_ከዲኬተር

ጁላይ 4 ከተማ ውስጥ ካሉ ፒችትሪ ሮድ ሬስ ነዋ! በ1970 በ110 ሰው የተጀመረ ሩጫ ዛሬ ሃምሳ ሺህ ምናምን ሰው የሚሮጥበት 10 ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ የጨረሰ ቲሸርት ይሰጠዋል፣ ያችን ቲሸርት እስክትቀደድ ይለብሳታል። 2023 ላይ እዚያ ነበርኩ። ሰንበሬ ተፈሪ የአምናዋ አሸናፊ ናት፣ መጨረሻው መስመር ሊታይ ጥቂት ሲቀራት ከፊቷ የሚሄደው የፖሊስ ሞተር ከመንገዱ ወጥቶ ሲታጠፍ ተከትላው ታጠፈች። ሰው ይጮኻል፣ እሷ ዞራ ስትመለስ ሁለት አለፏት። ያሸነፈችው ፎትየን ተስፋይ ናት፣ ያውም የእኛው። እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ «በቀኝ! አይ በግራ!» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። ሃያ ዓመት ሰው መንገድ የማሳይ ሰውዬ፣ ያን ቀን የሰማኝ የለም።

የድሬ_ልጅ (ከሦስት ወር በኋላ)

ክሩን ላንሳው፣ ሪፖርት አለብኝ። አባቴ ባለፈው ማክሰኞ ተመለሰ።

ያልሄድነውን ላስቀድም። አክዋሪየም አልሄድንም። ስቶን ማውንቴን ከሥር ሆኖ ፈረሰኞቹን ለረጅም ጊዜ አያቸውና «ቀራጩ ጎበዝ ነው» አለ፣ ወደ መኪናው ተመለሰ፣ ዳገቱን እምቢ አለ። ጨው ይቅር በለኝ።

ከርብ ማርኬት ስንሄድ ወዲያው አልገባም። ውጭ ያለውን ጠርዝ በጫማው ነካ ነካ አደረገና ተቀመጠበት። በሱፉ! የጥበቃ ሠራተኛዋ ደኅና መሆኑን ልትጠይቅ መጣች፣ «ዋት ኢዝ ዚስ፣ ዚስ ኢዝ ከርብ?» አላት። አዎ አለችው። «ሂር፣ ብላክ ፒፕል?» አላት። ሴትዮዋ ዝም ብላ አየችውና አጠገቡ ተቀመጠች። አያቷ ከገጠር ስኳር ድንች እያመጡ ይሸጡ እንደነበር ነገረችው። አባቴ ከአሥር ቃል አንዱን ነው የገባው፣ እኔ ተርጉሜ አልጨረስኩም፣ እነሱ ግን ያለ እኔ ቀጠሉ። ቀፊራ ገበያ ላይ ስላሉ ሴቶች በአማርኛ ሲነግራት ሁሉ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

ፕሪንስ ሆል ሕንፃ ስር ቆሞ መጥረጊያውን የት አደረጉት ብሎ ጠየቀኝ፤ ሙዚየም ውስጥ መኖር አለበት ባይ ነው። በበቅሎዋ ጉዳይ አራተኛ_ዓመት እንዳለው አንድ ነገር አለ፦ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቁን በምን ጫነ መሰለህ አለኝ። ቀጠለና፣ ጥቁሩ የትምህርት ሰው ቡከር ዋሽንግተን እዚሁ አትላንታ ፒድሞንት ፓርክ ላይ ያንን የታወቀ ንግግር ያደረገው ሴፕቴምበር 1895 አይደል፣ ምኒልክ ክተት ያወጁት በዚያው ሰሞን ነው ብሎ መንገድ ላይ ቆመ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ መኪና እየጮኸብን። ሁለቱን ነገር ሠላሳ ዓመት በተለያየ ክፍል ሲያስተምር ጎን ለጎን አስቀምጧቸው እንደማያውቅ ነገረኝ።

እትዬ፣ በየሳምንቱ ቡና ስለጠሩት አላመሰግንም፣ ዕዳው ትልቅ ነው። ስለ ፋጡማ «አየችን» «አላየችንም» የሚለውን ክርክር ሦስት ጊዜ አዳምጦ ለእርስዎ ፈረደ።

የመጨረሻውን ከሰዓት ከእርስዎ ቤት ስንወጣ ክላርክስተን መሀል ያለው መሻገሪያ ላይ ደወሉ ጮኸ፣ ዘንጉ ወረደ። እኔ እንደ ልማዴ ተራገምኩ፤ የዕቃ ባቡር ከያዘህ አሥር ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደ። ሹፌሩ የነገረኝን ነግሬው ነበር፤ ይህ መስመር በ1845 ከኦገስታ አትላንታ የገባው ያው የጆርጂያ ባቡር ነው፣ የቶምሰን። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ፣ ለገሃር በረንዳ ላይ እንደሚቆመው። ነፋሱ ኮቱን ያርገበግባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት መሰለኝ። ኋላ ቀር ብዬ ስሰማው እየቆጠረ ነው። እኔም መቁጠር ጀመርኩ።

ጅራቱ አልፎ ዘንጉ ሲነሳ «ስንት አገኘህ?» አለኝ።

«መቶ አሥራ ሁለት።»

«መቶ አሥራ አምስት ነው። ሎኮሞቲቮቹን አልቆጠርክም» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።